ባዶ መረብም ይመዘገባል

ይሄ ባለፈው ቅዳሜ አቃቂ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ያወራሁት ነው። አንድ ልጅ በስልኩ ቀድቶት ስለነበር እሱን እየሰማሁ ነው የጻፍኩት፣ መሀል ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምጼ የጠፋበትን ከትዝታ ሞላሁት፣ ሌላውን እንዳለ ተውኩት፣ መደጋገም ካለ የኔው አፍ ነው ታገሱኝ።

እሺ፣ ከኋላ ይሰማል? ማይኩ እምቢ ብሏል፣ መብራትም እንደምታዩት ሄዷል፣ ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር እሱም አብሮ ቀረ፣ በቃ በአፍ ነው። እንደውም ሳይሻል አይቀርም፣ ስላይድ ሲኖር ሰው ፎቶ ያነሳና ቤቴ አየዋለሁ ብሎ ይተኛል።

ሲጋብዙኝ ስለ ፓርክ አሳ ትነግረናለህ አሉኝ፣ እሺ አልኩ፣ ማታ ላይ ተኝቼ ሳስበው ግን ነገሩ ራሱ ግራ ያጋባል። ፓርክ ሲባል ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ ዋልያ ነው የሚመጣው፣ ቀይ ቀበሮ፣ አንበሳ ምናምን። አሳ ሲባል ደግሞ ሁዳዴ ነው፣ ለብለብ ነው፣ ጉላሽ ነው (የፆም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ እሱን ለአባቶች)። አሳን እንደ ዱር እንስሳ የሚያየው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ግን የአቢጃታ ሻላ ፓርክን ውሰዱ፣ ሲከለል 887 ካሬ ኪሎሜትር ነበር፣ ከሱ ውስጥ 482ቱ ውሀ ነበር። ከግማሽ በላይ ማለት እኮ ነው! ነጭ ሳርም በ1974 በፈረንጅ ሲቋቋም ሜዳውን ብቻ አይደለም የያዘው፣ ከአባያም ከጫሞም ቆርሶ ነው የወሰደው። ታዲያ ውሀው ውስጥ ያለውን ማን ይቆጥረዋል? ቆርኬ ብትቆጥር መኪና ላይ ቆመህ በባይኖኩላር ነው፣ አሳ ግን አይታይህም። የኔ ስራ እሱ ነበር፣ የማይታየውን መቁጠር። ዶክተር አይደለሁም፣ አስራ ምናምን አመት የመስክ ረዳት ነኝ፣ መረብ እዘረጋለሁ፣ አወጣለሁ፣ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ከዛ ለሳምንት እጄ አሳ አሳ ይላል፣ ሎሚውም ኦሞውም አያስለቅቀውም፣ ባለቤቴን ጠይቋት።

እንዴት እንደሚቆጠር ልንገራችሁ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዛ ላይ ነው። ጫሞ ላይ ነን እንበል። ከምሽቱ 11 ሰአት ገደማ ንፋሱ በረድ ሲል በጀልባ ትወጣና መረቦቹን ትዘረጋለህ፣ መረቦቹ አንድ አይነት አይደሉም፣ አይናቸው ይለያያል፣ 6 ሳንቲ አለ፣ 8፣ 10፣ 12፣ 14 እያለ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ጠባብ አይን ያለው ትልቁን አሳ አይዝም፣ ሰፊ አይን ያለው ደግሞ ትንሹን ያሳልፋል፣ ሁሉንም እድሜ ለማየት ሁሉንም አይን ጎን ለጎን ታሰራለህ። ላይኛው ገመድ ላይ ባዶ ሀይላንድ ታስራለህ እንዲንሳፈፍ፣ ታችኛው ላይ ክብደት። ከዛ ትተወዋለህ። ጠዋት 12 ሰአት ላይ ተመልሰህ ታወጣዋለህ፣ ያኔ ነው ሀኪም የምትሆነው። እያንዳንዱን አሳ ከመረቡ ክር ታላቅቃለህ (የቆሮሶ፣ የቲላፒያ ማለቴ ነው፣ ጀርባ እሾህ እንዴት እንደሚወጋ የያዘው ያውቃል)፣ ሰሌዳ ላይ ታስተኛለህ፣ ከአፉ እስከ ጅራቱ ጫፍ ትለካለህ፣ ትመዝናለህ፣ ሆዱን ከፍተህ ወንድ ነው ሴት ነው፣ እንቁላሉ ደርሷል አልደረሰም፣ ጨጓራው ውስጥ ምን አለ ብለህ ታያለህ። ርዝመቱና ክብደቱ አንድ ላይ ሲታይ ብዙ ይናገራል፣ ያው ሰው ላይም እንደዛው አይደል፣ ቁመቱ ከአምናው ሰው ጋር እኩል ሆኖ ኪሎው ከቀነሰ ምግብ አላገኘም ማለት ነው ወይ ታሟል።

ጫሞ ላይ ደግሞ ሌላም ተቆጣጣሪ አለ። አዞ። የአዞ ገበያ የሚባለውን ቦታ ቱሪስት ሊያይ ነው የሚሄደው፣ እኛ ግን መረባችንን ለአዞ ነው የምንዘረጋ የሚመስለው፣ ከተያዘው አሳ ግማሹን ጭንቅላት ብቻ አድርጎ ይተውልሃል። ጉማሬ ይባስ። ጉማሬ አሳ አይበላም፣ መረቡን ሆን ብሎም አይነካም፣ ዝም ብሎ ያልፍበታል፣ በቃ አለፈ፣ አንተ ጠዋት መጥተህ የ3 ሺህ ምናምን ብር መረብ እንደ ሻሽ ተበጣጥሶ ታገኘዋለህ። አንድ ጊዜ ከአምስቱ መረብ ሁለቱ እንደዛ ሆነው አገኘናቸውና አብሮኝ የነበረው የጀልባ ነጂ፣ አርባ አመት ውሀ ላይ የኖረ ሰው ነው፣ "እሱ ግብሩን ወስዶ ነው" አለኝ። እኔ እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፈው? ፎርሙ ላይ "ግብር" የሚል ቦታ የለም። "መረብ ተበላሽቷል፣ አይቆጠርም" ብዬ ጻፍኩ። ይሄን ያዙልኝ፣ የተበላሸ መረብና ባዶ መረብ አንድ አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፣ ስማችሁን ከጠራሁ ትቀየማላችሁ፣ የራሴን ልጥራ። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው አመት ነው። ፎርሙ ላይ የአሳው አይነት፣ ርዝመት፣ ክብደት የሚል ሰንጠረዥ አለ። መረብ አወጣሁ፣ ባዶ ነው። ምን ልጽፍ? አይነት የለ፣ ርዝመት የለ፣ ምንም የለ። ዘለልኩት። ሌላም አወጣሁ ባዶ፣ ዘለልኩት። ማንም አልነገረኝም እኔም አልጠየቅኩም፣ ባዶ ነገር ምን ይጻፋል ብዬ ነው። አመቱ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ተደምሮ ለተጻፈው መረብ ሲካፈል ሪፖርቱ አሳ ጨምሯል አለ! ደስ አለን። አለቃዬ ግን ሪፖርቱን ይዞ ዝም ብሎ ቆየና "አሳ አስጋሪዎቹ እያለቀሱ ያንተ ወረቀት ለምን ይስቃል?" አለኝ።

በምሳሌ ላሳያችሁ፣ ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል ነው። አምና 10 መረብ ዘረጋህ፣ 40 አሳ አገኘህ፣ በአንድ መረብ 4 ማለት ነው። ዘንድሮም 10 መረብ ዘረጋህ፣ 30 አሳ አገኘህ፣ ግን አሳው የገባው በ5ቱ ብቻ ነው፣ 5ቱ ባዶ ናቸው። እኔ እንዳደረግኩት ባዶዎቹን ከዘለልክ 30 ለ5 ሲካፈል 6! ጨመረ። ባዶዎቹን ከጻፍክ 30 ለ10፣ 3። ቀነሰ። አያችሁ? አንድም አሳ አልዋሸሁም፣ ያየሁትን ሁሉ ነው የጻፍኩት፣ ያላየሁትን አለመጻፌ ነው ውሸት ያደረገው። ነገሩ የባሰው ደግሞ አሳው እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ባዶ መረብ ይበዛል፣ አንተም ብዙ ትዘላለህ፣ ስለዚህ ውሀው በተራቆተ ቁጥር ያንተ ወረቀት እየጠገበ ይሄዳል። ከዛ ቀን ጀምሮ ባዶ መረብ ሳወጣ ትልቅ ዜሮ እጽፋለሁ፣ ሰአቱን፣ ቦታውን፣ የመረቡን አይን፣ ሁሉንም። የተበላሸው ግን ሌላ ነው፣ ጉማሬ የቀደደውን ዜሮ ብለህ ከጻፍክ ደግሞ በሌላ በኩል ዋሸህ፣ አሳ ስላልነበረ ሳይሆን መረብ ስላልነበረ ነው ባዶ የሆነው። ሁለቱን የማይለይ መዝገብ ቢቃጠል ይሻላል፣ እኔ የማስበው እንደዛ ነው፣ አለቃዬ ግን አይቃጠልም ጎን ላይ አስተያየት ጻፍበት ይል ነበር፣ ሳይሻል አይቀርም።

ሌላው ትልቁ ራስ ምታት ስም ነው። ነጭ አሳ የሚባለውን ታውቃላችሁ አይደል? እሺ፣ እዚህ ስንት ሰው አርባ ምንጭ ሄዷል፣ ስንት ሰው ባህር ዳር ሄዷል? አርባ ምንጭ ነጭ አሳ ብለህ ካዘዝክ የሚመጣልህ ናይል ፐርች ነው፣ ያ ሰው የሚያክለው፣ ከ100 ኪሎ በላይ ሊደርስ የሚችለው። ባህር ዳር ነጭ አሳ ብትል ደግሞ የሚመጣልህ ሌላ ፍጥረት ነው፣ ፈረንጆቹ ላቢዮባርበስ የሚሉት፣ በዘር ከካርፕ ወገን ነው። ስሙ አንድ፣ አሳው ለየቅል። ጣና ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል፣ ነጭ አሳ በሚለው አንድ ስም ስር አስራ አምስት አይነት አለ፣ 15! ከጢስ እሳት በላይ ያለው ውሀ በፏፏቴው ተቆርጦ ለብቻው ሲቀር እዛው ተባዝተው እዛው የተለያዩ ናቸው፣ ሌላ የትም የሉም። አንዱ አፉ ወደ ታች ነው ጭቃ ይለቅማል፣ አንዱ አፉ ሰፊ ነው ሌላ አሳ ይውጣል፣ ከ15ቱ 8ቱ አሳ በል ናቸው። የዚህ ወገን አሳ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ እና ያለ ጥርስ አዳኝ መሆን የቻሉ ናቸው፣ እኔ በበኩሌ ከዋልያ አላሳንሳቸውም። ፊሊፒንስ ላናኦ የሚባል ሀይቅ ላይ እንደዚህ ያለ አንድ ስብስብ ነበር፣ እሱ ጠፍቷል፣ የቀረው የጣናው ነው። ጣናም በ2015 በፈረንጅ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሏል።

ታዲያ ወደቡ ላይ የተቀመጠው ጸሀፊ "ነጭ አሳ፣ 80 ኪሎ" ብሎ ሲጽፍ 15ቱን በአንድ ጆንያ ከተታቸው ማለት ነው። ከ15ቱ ሶስቱ ቢጠፉ ኪሎው ላይ ላይታይ ይችላል፣ ሌሎቹ ይሞሉታል፣ ወረቀቱ ላይ ሁሌም ነጭ አሳ አለ። እነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ደግሞ ለመራባት ክረምቱ ሲገባደድ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዝ ነው የሚወጡት፣ ተሰልፈው፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ በር። ከ1986 በፈረንጅ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ ያ በር ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ብዙ ያገኛል፣ ግን የሚያወጣው እናቶቹን ነው። አሳ አስጋሪው ላይ አልፈርድም፣ ልጁን የሚያበላበት ነው፣ ህጉም ቢሆን አለ፣ የአሳ አዋጅ 315/1995 በኛ አቆጣጠር ወጥቷል፣ ወረቀቱ አለ ማለቴ ነው። እኔ የማወራው ስለ መቁጠር ነው፣ አይነቱን ሳትለይ ከቆጠርክ የቆጠርከው ኪሎ ነው፣ ኪሎ ደግሞ አሳ አይደለም።

(እዚህ ጋ ነው ዝናቡ የጀመረው፣ ወንበር እያነሱ ወደ መሀል ተጠጉ፣ ሻይም መጣ።)

አቢጃታን ልንገራችሁ፣ ቅርብ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ በሀዋሳ መንገድ ስትሄዱ በስተቀኝ አይታችሁታል። አቢጃታ ድሮ ቆሮሶ የሞላበት ሀይቅ ነበር። ሻላ ደግሞ ጎኑ ነው፣ በጣም ጥልቅ ነው 266 ሜትር ድረስ፣ አሳው ግን ያን ያህል አይደለም፣ ሻላ ውስጥ ደሴት አለ፣ ነጭ ፔሊካኖች እዛ ደሴት ላይ ጎጆ ሰርተው ይፈለፍሉ ነበር፣ ምክንያቱም ጅብም ቀበሮም ውሀውን አቋርጦ አይመጣባቸውም። ቀለባቸው ግን አቢጃታ ነበር። ሻላ ተኝተው አቢጃታ ይበሉ ነበር፣ ልክ ሰው ገላን አድሮ መርካቶ እንደሚሰራው። ከዛ አቢጃታ መሸሽ ጀመረ፣ የሚመግቡት ወንዞች አሉ፣ ቡልቡላ ከዝዋይ ይመጣል፣ ሆራ ቀሎ ከላንጋኖ፣ ላይ ላይ መስኖ በዛ፣ ሶዳ አሽ የሚባለውን የፋብሪካ ጥሬ እቃ ለማምረትም ከራሱ ከሀይቁ ውሀ ይሳብ ነበር፣ ውሀው ባነሰ ቁጥር ጨውና ሶዳው እየወፈረ ሄደ፣ ቆሮሶ ብዙ ይችላል ግን እሱን አልቻለም። አሳው አለቀ። ፔሊካኑም ሩቅ ሄዶ መፈለግ ነበረበት፣ ጎጆ ያለው ወፍ ደግሞ ስንት ይርቃል።

አሁን የሚገርማችሁን ልንገራችሁ፣ ቱሪስት ዛሬም አቢጃታ ሄዶ "ዋው" ይላል። ፍላሚንጎ አለ፣ ሮዝ ሆኖ ዳሩን ሞልቶታል። ፍላሚንጎ አሳ አይበላም፣ የሚበላው ውሀው ውስጥ ያለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው፣ ጨዋማው ይመቸዋል። ስለዚህ ወፍ ብቻ የምትቆጥር ከሆነ ፓርኩ ጤነኛ ነው፣ እንደውም አምሮበታል። የትኛው ወፍ ሄዶ የትኛው መጣ ብለህ ካልጠየቅክ ከስሩ ያለው አሳ መጥፋቱን አታውቅም። እዛ ዳር ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ የጠጠረ ጭቃ ላይ የደረቀ የቆሮሶ ቅርፊት አግኝቼ ነበር፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ ነገር፣ ውሀው ከቆምኩበት በጣም ርቋል፣ ኪሴ ውስጥ ከትቼ አዲስ አበባ አመጣሁት፣ ለምን እንዳመጣሁት አላውቅም፣ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ።

እንዲህ አይነት ነገር እኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ የሎውስቶን የሚባለው ፓርክ፣ ከ1872 ጀምሮ የተጠበቀ፣ ጠባቂው መኪናው በጀቱ የተሟላለት፣ እዛ ሀይቅ ላይ የአገሩ አሳ ከትስሮት የሚባል ትራውት ነው። ክሊር ክሪክ የምትባል አንዲት ወንዝ ላይ ለመራባት የሚወጣውን በየአመቱ ይቆጥሩ ነበር፣ በቃ ያቺኑ አንዷን ወንዝ። በ1978 ከ70 ሺህ በላይ ቆጠሩ። በ2007 ያቺው ወንዝ ላይ 538። ሺህ አይደለም፣ አምስት መቶ ሰላሳ ስምንት። ምን መጣ? ሰው ይሁን ማን ሌክ ትራውት የሚባል ሌላ አሳ ሀይቁ ውስጥ ጨምሮ ነበር፣ በ1994 ነው የተገኘው፣ እሱ ከትስሮቱን ይበላል። ድርቅና በሽታም አግዞታል። እና መጤው ጥልቅ ውሀ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ለመራባትም ወንዝ አይወጣም፣ ስለዚህ ድብ ወንዝ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ የሚመጣለት የለም፣ ንስር መሰሉም ወፍ ከላይ አይደርስበትም። ከውሀ ውስጥ አንድ አሳ ተቀየረ፣ የብስ ላይ ድቡ ምግቡን ቀየረ። የሻላው ፔሊካን ታሪክ ማለት እኮ ነው፣ ቋንቋው ሌላ ሆኖ። ከዛ በኋላ መረብ ዘርግተው መጤውን ማውጣት ጀመሩ፣ እስካሁን ከ4 ሚሊየን በላይ አውጥተዋል፣ የአገሩም አሳ ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው። ያቺ ወንዝ ላይ ቁጭ ብሎ በየአመቱ የቆጠረ ሰው ባይኖር ግን 538 ራሱ ትንሽ መሆኑን ማን ያውቃል? "ያው ወንዝ ነው አሳ አለ" ይባል ነበር። ባሌ ላይም እኮ ከኬንያ የመጣ ትራውት ወንዞቹ ውስጥ አለ፣ ፈረንጅ በመንጠቆ ሊይዘው ይመጣል፣ ለስፖርት፣ እኛ እንደውም የባሌ ትራውት ብለን እንኮራበታለን። ከሱ በፊት እነዛ ወንዞች ውስጥ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን አልገጠመኝም።

ማላዊ ደግሞ በ1980 ሀይቋ ላይ ፓርክ አቋቁማለች፣ እዛ ውሀው እንደ መስታወት ነው፣ ሰው ይጠልቅና ቁልቁል እያየ ይቆጥራል፣ አሳ አይሞትም። እኔ ይሄን ስሰማ ቀናሁ። ኑ አባያ ጥለቁ እስቲ! አባያ ውሀው ቀይ ነው፣ ከደጋው የታጠበው አፈር ነው፣ እጅህን ክንድህ ድረስ ብትከት መዳፍህን አታየውም። ለዚህ ነው መረብ የምንጠቀመው፣ መረብ ደግሞ ይገድላል፣ ይሄ ጥያቄ ሁሌ ይነሳል፣ ትጠብቃለህ እያልክ ትገድላለህ ወይ ብለው ስካውቶቹ፣ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ራሳቸው ያሾፉብኛል። እውነት ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ትወስናለህ፣ በቁጥር፣ ከዛ በላይ አትዘረጋም፣ የሞተውን ደግሞ እስከ መጨረሻው ሚሊሜትር ትለካዋለህ፣ ሳትጽፈው ከገደልከው ያኔ ነው ሀጢያቱ። አሁን ደግሞ ውሀ ቀድተህ በማጣሪያ አሳልፈህ ውሀው ውስጥ የቀረውን የአሳ ዲኤንኤ የምታነብበት ዘዴ አለ፣ በጣም ጎበዝ ነገር ነው፣ ማን እንዳለ ይነግርሀል፣ ያውም የየአሳው ዲኤንኤ ማመሳከሪያ ካለህ፣ ግን ስንት ሳንቲ እንደሆነ፣ እንቁላል ይዟል ወይ፣ ጠግቧል ወይ አይነግርህም። ሁለቱም ይኑር ነው የምለው።

ርዝመት ርዝመት ያልኩት በነገር ነው። አሳ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚያልቀው ቁጥሩ አይደለም፣ ትልልቁ ነው። ይሄን ከኔ በላይ የምታውቅ ሰው እዚህ አለች፣ እትዬ ይቅርታ እርስዎን ነው፣ (አንዲት የአሳ ቤት ያላቸው እናት ነበሩ ፊት ለፊት የተቀመጡ) ቅድም ውጪ ያሉኝን ይንገሯቸው።

እሳቸውም ተነስተው፣ "ምን ልበል ልጄ፣ ድሮ ሁለት አሳ አንድ ኪሎ ፊሌቶ ይወጣዋል፣ አሁን አምስትም ስድስትም እፈልጣለሁ፣ እጄ ነው ያለቀው፣ ቢላው ያው ነው" አሉ።

ተሳቀ፣ ግን ያሉት ነገር ሳይንስ ነው። እትዬ በቀን ስንት ኪሎ ይፈልጣሉ? አስር አስራ አምስት አሉ። በአንድ ኪሎ ስንት አሳ እንደገባ ማታ ማታ ደብተር ላይ አንድ ቁጥር ቢያስቀምጡ፣ ከየት እንደመጣ ከጎኑ ዝዋይ፣ ጫሞ፣ ጣና ብለው ቢጽፉ፣ ሶስት አመት ቢቆይ እኔ በደስታ አልቅሼ ነው የምወስደው። እኔ ደሞዝ እየተከፈለኝ አመት ላይ ሁለት ጊዜ ነው የምሄደው፣ ነዳጅ ካለ። ከሌለ አንድ ጊዜ። አንድ ስሙን የማልጠራው መስሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ አምስት ወቅት ሙሉ የተለካ ነገር አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር፣ ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ሆነ ተባለና አንድ ልጅ ፎርማት አደረገው። በጣም ፈጣን ሆነ። እኔ ያኔ ወረቀቱን አስቀምጫለሁ ብዬ ኮራሁ፣ ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ከደብተሮቹ ሁለቱ ጀልባ ላይ ውሀ ነክቷቸው በእስክሪብቶ የጻፍኩት ሰማያዊ ደመና ሆኖ ቀርቷል። በእርሳስ የተጻፈው አንዱ ብቻ ነው የተነበበው።

ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፣ ሁለቱን ልጻፋቸው። አንድ ወጣት፣ ፓርክ ከሆነ ለምን ጭራሽ አሳ ማስገር አይከለከልም አለኝ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው፣ ግን አሳ የፓርኩን ታፔላ አያነብም፣ ጫሞ ውስጥ ድንበሩ ውሀ ላይ የተሰመረ መስመር ነው፣ ዛሬ እዚህ ያደረው ነገ እዛ ነው። እኔ የማምነው የሚራባበትን ቦታና ወቅት መዝጋት፣ እዛ ላይ ጨከን ማለት፣ ሌላው ጋ መረቡ አይኑ እንዳይጠብ መቆጣጠር ነው። ግን የት እንደሚራባ የሚነግርህ ያው ቆጠራው ነው፣ ሳትቆጥር ከዘጋህ የተሳሳተውን በር ዘግተህ ሰው ታስርባለህ።

ሁለተኛው አንድ ጋሼ ናቸው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ "ልጄ ጫሞና ጣናውን ተውና አባ ሳሙኤልስ?" አሉኝ። ልጅ ሆነው እዛ ያጠምዱ ነበር፣ ካርፕ ነበር፣ ትልቅ፣ ወርቃማ፣ ዱባ የሚባለው። ልክ ናቸው፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ካርፕ በጣሊያን ጊዜ ወደ አገራችን ሲገባ መጀመሪያ ከተለቀቀባቸው ውሀዎች አንዱ ነው፣ ከዚህ ቁልቁል ሰፈራችን ማለት ነው። አሁን የከተማው ፍሳሽ ሁሉ በአቃቂ ወንዝ ተጠራርቶ እዛ ይገባል፣ እምቦጩን ደግሞ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ፓርክም አይደለም፣ ማንም አልከለለውም። ውስጡ ምን አለ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም፣ ዘርግቼ አላውቅም፣ አስራ ምናምን አመት አምስት መቶ ኪሎሜትር እየነዳሁ ሄጄ ስቆጥር የሰፈሬን ውሀ አንድ ቀን አልነካሁትም፣ ጋሼ ሲጠይቁኝ አፈርኩ።

ስለዚህ እዛው ተነጋገርን። ከወረዳው ደብዳቤ ልናወጣ ነው፣ የባዮሎጂ መምህሯ ይዘዋለች፣ ከተፈቀደ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰአት ድልድዩ ጋ እንገናኛለን። ሁለት መረብ አለኝ፣ 6ና 10 ሳንቲ፣ ማታ እኔና ጋሼ እንዘረጋዋለን፣ ጠዋት እናንተ ታወጣላችሁ። ቦቲ ጫማ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ጓንት ግዴታ ነው፣ ውሀው ንጹህ አይደለም፣ እጁ ላይ ቁስል ያለው ከዳር ሆኖ ይጽፋል። እትዬ ሚዛናቸውን አምጥተው ያውሱናል። አንዷ ልጅ "ምንም ካልያዘስ?" አለችኝ፣ ፎርሙን አሳየኋት፣ ዜሮ የሚጻፍበት ቦታ አለው፣ እኔ ራሴ ነኝ የጨመርኩት። እስክሪብቶ አታምጡ፣ እርሳስ።